ሳይቀሰቅሳት ወጣ

እሺ... እየቀዳ ነው አይደል? ቀዩዋ መብራት በርታለች፣ አዎ እየቀዳ ነው። ሰላም ናችሁ ወይ። ዛሬ መግቢያው ላይ ሙዚቃ የለም፣ ይቅርታ፣ ያቺን የምትወዷትን መግቢያ ልጫወትላችሁ ኪቦርዱ ጋ ቁጭ ብዬ ነበር ግን እጄ እምቢ አለኝ፣ በቃ ያለሷ እንጀምር። ወንበሯም ዛሬ እየጮኸች ነው፣ ታውቋታላችሁ፣ ታገሷት።

ባለፈው ሳምንት ለምን ጠፋህ ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁላችሁም ተባረኩ። ለቅሶ ላይ ነበርኩ። የአልቷችን፣ በኳየራችን (በመዝሙር ቡድናችን) ዝቅ ያለውን የሴት ድምጽ የምትዘምረው ልጅ፣ እናት አርፈው ነው። አልቷችን ስላችሁ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ፣ ስሟን አልጠራም፣ ያቺ ልምምድ ላይ ሁሌ አርፍዳ መጥታ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ከሁላችንም ቀድማ ድምጿን የምታገኘው። እንዳወራ ጠይቄያታለሁ። "አውራ፣ ግን እንዳታሳምረው" ነው ያለችኝ። እና... ላላሳምረው እሞክራለሁ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ እኔ አንድ ጥፋት ያጠፋሁ ይመስለኛል። ወይም ጥፋት ላይሆን ይችላል። እሱን ነው ያልለየሁት፣ አሥራ አንድ ቀኔ ይሄው ሳልለይ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ነው። ሰው ቀለል ብሏል፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እነዚያ ብዙ የሚያወሩት ሰዎች ሄደዋል፣ እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፣ ነጠላዋን እንዲህ አገጯ ድረስ ስባ። አታለቅስም። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዝም አለች፣ ዝም አልኩ። እና እኔ ዝምታ አልችልም፣ ታውቁኛላችሁ፣ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ዝምታ ሲሰማ ጣቱን ያሳክከዋል፣ ሰባኪው ትንፋሽ ሊወስድ ቆም ሲል እንኳን ኮርድ የምናስገባ ሰዎች ነን። በቃ አፌን ከፈትኩ። የዶርሲን ታሪክ ነገርኳት።

አዎ፣ "ደግሞ ዶርሲ" ትሉኛላችሁ። ደግሞ ዶርሲ። "ፕሬሸስ ሎርድ"፣ እኛ "ውድ ጌታ ሆይ እጄን ያዘኝ" እያልን የምንዘምረው። ቶማስ ዶርሲ። ስንቴ እንዳወራሁላችሁ፣ ስንቴ እንደሰበክሁበት፣ ስንት ለቅሶ ቤት እንደተጫወትኩት እኔም አላውቀውም። ታሪኩን በቃሌ ነው የማውቀው፣ የት ጋ ድምጼን ዝቅ እንደማደርግ፣ የት ጋ እንደማቆም ጭምር። እሱ ነው ችግሩ መሰለኝ። አላቅም።

እና እንደ ልማዴ ጀመርኩላት። እንደ ፈረንጆቹ 1932፣ ነሐሴ፣ ቺካጎ። ሰውየው 33 ዓመቱ ነው፣ ሚስቱ ኔቲ የመጀመሪያ ልጃቸውን ነፍሰ ጡር ናት፣ ሊደርስ ተቃርቧል። እሱ ሴንት ሉዊስ ከተማ ትልቅ የመነቃቃት ጉባኤ አለ፣ እዛ እንዲዘምር ተጠርቷል። መሄድ አልፈለገም ግን ቃል ገብቷል። በመኪና ነው የሚሄደው፣ ወደ 480 ኪሎ ሜትር ነው። እና ከቺካጎ ወጣ ካለ በኋላ የሙዚቃ ቦርሳውን፣ ኖታዎቹ ያሉበትን ቦርሳ፣ ቤት እንደረሳው ትዝ አለው። መኪናውን አዙሮ ተመለሰ።

እዚህ ጋ ነው ያቆመችኝ።

"ቆይ" አለችኝ። "ተመልሶ ቤት ገባ?"

"አዎ፣ ቦርሳውን ሊወስድ።"

"እሷስ?"

"ተኝታለች።"

"አልቀሰቀሳትም?"

እኔ ታሪኩን ስለማውቀው፣ ይሄ ቦታ ለኔ የሚያምር ቦታ ስለሆነ፣ ማለቴ ስሰብከው ሁሌ እዚህ ጋ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ በዛው ለስላሳ ድምጼ "አልቀሰቀሳትም፣ አልጋዋ አጠገብ ትንሽ ቆመ፣ የሆነ ነገር ውስጡ አትሂድ አትሂድ ይለዋል፣ ግን እንዳይረብሻት ብሎ ቀስ ብሎ ወጣ" አልኳት።

"ለምን?" አለች።

ለምን። እኔ ስንት ዓመት ስናገረው "ለምን" ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እና ምን ብል ጥሩ ነው፣ "መዝሙሩ እኮ ከዛ ነው የወጣው" አልኳት።

በቃ እሱን ነው ያልኩት። እሷ እኔን አላየችኝም፣ ነጠላዋን ጫፉን ይዛ እየጠቀለለች ነበር፣ ጠቅልላ ፈታችው፣ ጠቅልላ ፈታችው። ከዛ በጣም በቀስታ፣ "እኔም ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት" አለች።

የዛን ቀን ጠዋት ማለቷ ነው። ሥራ ሊረፍድባት ነው፣ እናቷ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስላቸው አድሮ ገና መተኛታቸው ነው፣ እና የጫማዋ ኮቴ እንዳይቀሰቅሳቸው ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በካልሲ፣ በሩን እንዲህ እጀታውን ጠምዝዛ ይዛ ሳታንቋቋ ዘግታ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አሰረች። ሥራ ቦታ ነው የተደወለላት።

እና እኔ ለዚህች ልጅ ነው "ተኝታ ነበር፣ አልቀሰቀሳትም" ብዬ በለስላሳ ድምጽ የተረኩት። ሳላውቅ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል ሳላውቅ ነው። ግን...

ቆይ ውሃ ልጠጣ።

እሺ። ምን ልል ነበር። አዎ፣ በነገራችን ላይ፣ ይሄን ሳልናገር ካለፍኩ ትቆጡኛላችሁ፣ ባለፈው ሳምንት እንኳን ሦስት ሰው ፎርዋርድ ያደረገልኝ ጽሑፍ አለ፣ ይሄ መዝሙር የቶሚ ዶርሲ ነው የሚል፣ ትሮምቦን የያዘ ነጭ ሰውዬ ፎቶ ተለጥፎበት። አይደለም! ቶሚ ዶርሲ የትልቅ ዳንስ ባንድ መሪ ነው፣ ሌላ ሰው ነው። ቶማስ ኤ ዶርሲ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ በ1899 ጆርጂያ ውስጥ ቪላ ሪካ የምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ፣ አባቱ እየተዘዋወረ የሚሰብክ ሰባኪ፣ እናቱ ኦርጋን ተጫዋች። እኔን ይሄ ስህተት ለምን እንደሚያናድደኝ ታውቃላችሁ? ሰውየው ሚስቱንና ልጁን ቀብሮ የጻፈውን ወስደው ለሌላ ሰው ሲሰጡት፣ ምንም ክፋት አስበው አይደለም፣ ስማቸው ስለተመሳሰለ ብቻ፣ ግን እንደዛ ያለ ነገር ከሰው አይወሰድም። እባካችሁ ስታዩት አርሙልኝ።

እና ደግሞ ሕይወቱ እኮ ቀጥ ያለ አይደለም፣ እኔ ስሰብክ ቀጥ አደርገዋለሁ እንጂ። ልጅ ሆኖ አትላንታ ቲያትር ቤት ለስላሳ እየሸጠ ፒያኖ ተጫዋቾቹን ቆሞ እያየ ነው የተማረው። በ1916 ቺካጎ ሄደ። ብሉዝ፣ የጥቁር አሜሪካውያንን እንጉርጉሮ፣ ነው የሚጫወተው፣ "ጆርጂያ ቶም" ይሉት ነበር፣ የብሉዝ ዘፋኟን የማ ሬይኒን ባንድ የመራ ሰው ነው፣ በ1928 ከጊታር ተጫዋቹ ከታምፓ ሬድ ጋር ያወጡት ዘፈን በጣም የተሸጠ፣ ለቸርች ሰው ጆሮ ቀይ የሚያደርግ ግጥም ያለው። መሀል ላይ ደግሞ ታሞ ያውቃል፣ በ1926 ገደማ፣ ሁለት ዓመት ያህል መሥራት አቅቶት፣ የመንፈስ ጭንቀት በምንለው። ከዛ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያን ዜማ እየዞረ የመጣው። እና ሲመጣ እጁ የብሉዝ እጅ ነው፣ እነዛን የታጠፉ ኖታዎች፣ ያንን ግራ እጅ ይዞ ነው የመጣው። ብዙ ሰባኪዎች አልተቀበሉትም፣ ከብዙ ጥሩ ጥሩ ቤተ ክርስቲያን ተባርሬያለሁ ይል ነበር ራሱ። አምስት ዶላር ተበድሮ 500 ቅጂ መዝሙር ለቤተ ክርስቲያናት በፖስታ ልኮ፣ እሱ እንደተናገረው ሦስት ዓመት ገደማ አንድም ትዕዛዝ ሳይመጣለት ነው የጠበቀው። 500 ፖስታ አስቡት፣ እያንዳንዱ ላይ አድራሻ ሲጽፍ፣ ቴምብር ሲለጥፍ። እኔ አንድ ቪዲዮ ለጥፌ በማግስቱ ስንት ሰው አየው ብዬ ነው የማየው።

ኔቲን ያገባት በ1925 ነው፣ ማለት ያንን ሁሉ፣ ሕመሙንም፣ ፖስታውንም፣ እሷ አብራው ነበረች። ለዛ ነው... አዎ። ለዛ ነው ክፍሉ ውስጥ የተኛችው ዝም ብላ "ሚስቱ" አይደለችም፣ እሷ ያንን ሁሉ ጠብቃ ልክ ሊሳካለት ሲል ነው። በ1930 አንድ መዝሙሩ በትልቁ የባፕቲስቶች ጉባኤ ላይ ተዘምሮ ሰው ተነሳለት፣ በ1931 ከጓደኛው ከቲዮዶር ፍራይ ጋር ኤብኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የጎስፔል ኳየር መሠረቱ፣ በ1932 ፒልግሪም ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ኳየር እንዲመራ ወሰደው። ሁሉም ነገር ገና እየተከፈተ ነው። እና ነሐሴ መጣ።

እኔ ያንን ክፍል መውጣት አልቻልኩም እኮ። እሷ "ለምን" ካለችኝ ጊዜ ጀምሮ ማታ ስተኛ ያ ክፍል ነው የሚታየኝ። ሰውየው ቆሟል። ቦርሳው ምናልባት በአንድ እጁ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ነሐሴ ነው፣ መስኮት ክፍት ሊሆን ይችላል። እሷ ተኝታለች። እርጉዝ ሰው እንቅልፍ እንደ ልብ አያገኝም፣ እና ስትተኛ ስታይ አትቀሰቅስም፣ ማንም አይቀሰቅስም! ፍቅር እኮ ነው አለመቀስቀስ። እኔም አልቀሰቅስም። አንተም አንቺም አትቀሰቅሱም። የምትወዱት ሰው ተኝቶ ስታዩ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጋችሁ ነው የምትወጡት። ጫማችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ነው የምትወጡት።

ይሄን ነበር ልላት የሚገባው። "እንዳይረብሻት ብሎ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ራሴ አልሰማሁትም ነበር። እንደ መሸጋገሪያ ነው የምለው፣ ወደ ቴሌግራሙ ለመድረስ።

ቴሌግራሙን ታውቃላችሁ። በማግስቱ ማታ ሴንት ሉዊስ፣ ሰው እየዘመረ እያጨበጨበ፣ ደጋግሞ ዘምር እያሉት፣ ቁጭ ሲል አንድ መልእክተኛ ልጅ እየሮጠ መጥቶ ቢጫ ወረቀት ሰጠው። ሚስትህ ሞታለች ይላል። ሰዉ አሁንም እያጨበጨበ ነው። እኔ ይሄን ስናገር ሁሌ እጄን አጨበጭባለሁ፣ ለማሳየት። ለሷ ስነግራት ግን እዚህ አልደረስኩም፣ ጫማዋ ጋ ነው የቆምነው። እግዚአብሔር ይመስገን አልደረስኩም።

እና ከዛ በኋላ ያለውን፣ እኔ ሁሌ የምዘለውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ "ሚስቱና ልጁ ሞቱ" እንላለን፣ በአንድ ትንፋሽ። እንደዛ አይደለም የሆነው። ቺካጎ ሲደርስ ልጁ በሕይወት ነበር። ወንድ ልጅ። ሰውየው ሚስቱ ሞታ ልጁ ተወልዶ አገኘ፣ ላልቅስ ወይስ ደስ ይበለኝ የሚያሰኝ ጊዜ ነበረው፣ ትንሽ ሰዓታት፣ ልጁን አይቶታል። ሌሊቱን ልጁም ሄደ። ሁለቱን በአንድ ሳጥን ቀበራቸው። ያንን መሀል ያለውን ጊዜ ለምን እንደምዘለው ታውቃላችሁ? ስለማይመች ነው። ታሪኩን ያዘገየዋል። ወደ መዝሙሩ ቶሎ እንዳልደርስ ያደርገኛል። ይሄን አሁን ጮክ ብዬ ስናገረው... በጣም ያሳፍራል።

ሌላም አለ። ከቀብሩ በኋላ እግዚአብሔር በደለኝ ብሎ ነው የተቀመጠው። መዝሙር አልጽፍም፣ ወደ ብሉዙ እመለሳለሁ ብሎ ነበር። ይሄን አልዘለውም፣ ይሄንን ሁሌ እናገራለሁ ምክንያቱም ኋላ ሲመለስ ያምራል።

ከዛ በኋላ ያለውን እወደዋለሁ፣ አሁንም እወደዋለሁ፣ ከለቅሶው በኋላም። ከቀናት በኋላ፣ ያ ጓደኛው ፍራይ፣ እየጎተተ ይዞት ወጣ። የት መሰላችሁ፣ ፖሮ ኮሌጅ። አኒ ማሎን የምትባል ጥቁር ባለሀብት የከፈተችው የጸጉርና የውበት ሥራ ትምህርት ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያን አይደለም! ጸጉር የሚሠራበት ቤት ውስጥ ያለ ክፍል፣ ፒያኖ አለ። ፍራይ ምንም አልሰበከለትም፣ እኔ እስከማውቀው ምንም ታሪክ አልተረከለትም። ይዞት ሄደ፣ አጠገቡ ሆነ፣ በቃ። እና ዶርሲ ቁልፎቹን ሲነካካ እጁ ወደ አሮጌ ዜማ ሄደ፣ "ሜትላንድ" የሚባል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ከሱ በፊት ስንት ሰው የዘመረው። አዲስ ዜማ የመፍጠር አቅም እንኳን አልነበረውም ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ። ሰው ሲያዝን እንደዛ አይደል፣ እግርህ በልማድ ወደምታውቀው መንገድ ነው የሚሄደው። ግን ያንን ዜማ ዘረጋው፣ እየጎተተ፣ ትንፋሽ እያስገባበት። እኛ በሦስት ምት ነው የምንጫወተው፣ እና እኔ ልምምድ ላይ ሁሌ አትሩጡ፣ አትሩጡ የምለው ለዛ ነው፣ ደክሞኛል እያለ የሚሮጥ ሰው አለ እንዴ።

ግጥሙን ሲጀምር "ብሩክ ጌታ" ነበር ያለው። ፍራይ ነው "አይ፣ ብሩክ አትበል፣ ውድ በል" ያለው። አንዲት ቃል። እዚህ ጋ ደግሞ ልሳቅ፣ ትፍቀዱልኝ፣ ምክንያቱም እኛ በዚች ቃል ሁለት ልምምድ ሙሉ ተጣልተናል፣ ከአልቷችን ጋር። "ውድ ጌታ ስትሉ ዋጋው የበዛ ይመስላል" አለች። "ክቡር" እንበል ስንል፣ "ክቡር ጌታ ሆይ ካልክ በኋላ እጄን ያዘኝ ማለት ያስፈራል፣ እንደ ባለሥልጣን ነው" አለች። ቴነሮቹ፣ ከፍ ያለውን የወንድ ድምጽ የሚዘምሩት፣ "ውዴ" ሲሉ ደግሞ የፍቅር ዘፈን ሆነ ብላ ራሷ ሳቀች፣ ያንን ሳቋን። መጨረሻ ላይ ራሷ "ውድ ይሁን፣ ለካ ሁለቱንም ነው የሚለው፣ የምትወደውንም፣ ዋጋ የሚያስከፍለውንም" አለች። ይሄን ያለችው እናቷ ደህና በነበሩ ጊዜ ነው። ልምምዱ ሲያልቅ ደውለው "ኧረ ራት ቀዘቀዘ" ብለዋት እየሮጠች ነው የወጣችው።

...

እሺ።

"ያዘኝ" የሚለውንም ልናገር። አዲሱ ቴነር፣ ያ ትንሹ ልጅ፣ አንድ ቀን እጁን አውጥቶ "ጋሼ፣ እጄን ያዘኝ ሲባል ልመና ነው ወይስ ምስክርነት?" አለኝ። አልገባኝም ነበር መጀመሪያ። ከዛ ገባኝ። በአማርኛ እኮ አንድ ነው! "እባክህ ያዘኝ" ስትልም ያዘኝ፣ "ይሄው ያዘኝ፣ አልለቀቀኝም" ስትልም ያዘኝ። በእንግሊዝኛው እንደዛ የለም፣ እዛ ልመና ብቻ ነው፣ ደክሞኛል፣ አቅም አንሶኛል፣ እጄን ያዝና ወደ ቤት ምራኝ ነው። እኔ ለልጁ ቶሎ ብዬ "ልመና ነው" አልኩትና ቀጠልን። አሁን ግን፣ እነዚህ አሥራ አንድ ቀናት፣ እየደጋገምኩ እያንጎራጎርኩት የትኛውን እንደምል እኔም ይጠፋኛል። አንዳንዴ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ይቀየራል። አንዳንዴ አይቀየርም። ደግሞ "ጉንፋን ያዘኝ"፣ "ልቅሶ ያዘኝ" እንላለን፣ እሱም ያው ቃል ነው... አላቅም፣ ከዚህ ምንም ማውጣት አልፈልግም፣ እንዳታሳምረው ብላኛለች።

ለሷ ግን ያልነገርኳት፣ ለእናንተም ልንገራችሁ አልንገራችሁ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር አለ። "ለምን አልቀሰቀሳትም" ለሚለው ዶርሲ ራሱ የሆነ መልስ አለው። ኋላ ላይ ሲተርከው፣ ያ ውስጤ አትሂድ ያለኝ ድምጽ እግዚአብሔር ነበር፣ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ስትሞት አጠገቧ እሆን ነበር፣ ከዛ በኋላ ይበልጥ ልሰማው ወሰንኩ ይላል። እሱን ይሄ አጽናንቶታል። እሱ ነው የኖረው፣ እሱ ማለት ይችላል፣ እኔ ማነኝ እሱን የማርመው። ግን ይሄን ለአልቷችን ብነግራት? "ውስጥሽ የነገረሽ ነገር አልነበረም?" ብሎ እንደመጠየቅ አይሆንም? እሷ ምንም ድምጽ አልሰማችም እኮ። የሰማችው እናቷ ሲተነፍሱ ነው፣ ደህና ተኝተዋል ብላ ነው የወጣችው። እና ለዶርሲ ማጽናኛ የሆነው ነገር ለሷ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። አንድ ታሪክ ነው እኮ። አንድ መዝሙር ነው።

ይሄ ያናደደኝ ቀን ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባለፈው ረቡዕ፣ ታሪኩን ዳግም አልተርክም ብዬ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ተውኩት፣ ምክንያቱም ስንት ሰው ይዞት እንደኖረ አስባለሁ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ሜምፊስ፣ ሎሬይን ሞቴል በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ታች ያለውን ሙዚቀኛ ቤን ብራንችን ዛሬ ማታ እሱን መዝሙር ተጫወትልን፣ አሳምረህ ተጫወተው ብሎት ነው፣ ወዲያው ነው የተተኮሰበት። በቀብሩ ቀን ዘማሪዋ ማሃሊያ ጃክሰን ዘመረችው። ማሃሊያ በ1972 ስታርፍ ደግሞ አሪታ ፍራንክሊን ዘመረችላት። እንደዛ እየተቀባበሉ። እና እኔ አንድ ቀን ስለተሳሳትኩ አልዘምረውም ማለት...

ግን ከእነሱ ሁሉ በላይ የሚከነክነኝ እሱ ራሱ ነው። ዶርሲ ያረፈው በጥር 1993 ነው፣ 93 ዓመቱ። ያንን መዝሙር ከጻፈ 60 ዓመት አልፎታል! ፒልግሪም ውስጥ አሥርተ ዓመታት ኳየር መርቷል፣ የጎስፔል ኳየሮች ብሔራዊ ጉባኤ መሥርቶ ለዘመናት መርቷል፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ መዝሙሮች ጽፏል፣ እንደገና አግብቷል፣ ልጆች ወልዷል። እና በሄደበት ሁሉ፣ በየከተማው፣ ሰው ምን ይለዋል? "ያንን ዘምርልን፣ ታሪኩንም ንገረን።" 60 ዓመት ሙሉ። በተናገረው ቁጥር ወደዛ ክፍል ይመለሳል፣ ቦርሳውን ሊወስድ ይገባል፣ እሷ ተኝታለች፣ ቆም ይላል፣ ሳይቀሰቅሳት ይወጣል። ስንት ሺህ ጊዜ? እኔ እሱ የሚያርፍበት መዝሙር ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ አሁን ግን... ማረፊያ ነው ወይስ ተመልሶ መግባት ነው? ምናልባት አንድ ናቸው። ምናልባት በየጊዜው እየገባ ትንሽ ትንሽ ብርድ ልብሱን ሳብ ያደርግላት ነበር። አይ፣ እሱን ማሳመር ጀመርኩ፣ ተውኩት።

ሕንጻውን እንኳን ታውቃላችሁ፣ ፒልግሪም በ2006 ተቃጥሏል፣ ግድግዳው ነው የቀረው። ፎቶውን ሳየው ጣራ የለውም፣ ሰማይ ነው የሚታየው። ለምን አሁን ይሄ እንደመጣብኝ አላውቅም።

ከለቅሶው ቤት እንዴት እንደወጣሁ አልነገርኳችሁም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ ካለች በኋላ እኔ ምንም አላልኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላልኩም። መሸ። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ልሄድ ስነሳ እጄን ያዘች፣ እንዲህ ሁለት ጣቴን ብቻ፣ የልጅ አያያዝ፣ እና "ቀሪውን ሌላ ጊዜ ትነግረኛለህ" አለችኝ። ቀሪውን። ተቆጥታኝ ነው? ተቆጥታኝ አይመስለኝም። ግን ይቅርታም አይመስልም። እኔ የሰውን ድምጽ በመስማት ነው የምኖረው፣ ትንሽ ሲወርድ ሲወጣ ይሰማኛል፣ የሷን ግን ያን ቀን መለየት አልቻልኩም።

እና እሁድ ፕሮግራም አለን፣ ታውቃላችሁ። ትናንት ደውላ "እመጣለሁ፣ ከኋላ ቁጭ እላለሁ፣ አልዘምርም" አለችኝ። የመዝሙር ዝርዝሩን ለልጆቹ እስከ ዛሬ ማታ መላክ አለብኝ። አራት መዝሙር ነው፣ ሦስቱን ጽፌያለሁ፣ አራተኛው ከወር በፊት የተወሰነው እሱ ነው፣ ልጆቹም ለምደውታል፣ ትንሹ ቴነር ሶሎ አለው፣ ሲለማመድ ከርሟል። ባወጣው እሷ እንዳወጣሁት ታውቃለች፣ ያመማታል። ብተወው ደግሞ እዛ ኋላ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ... ልደውልላትና ልጠይቃት አስባለሁ። ደግሞ በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል እንዴ፣ ሐዘንተኛ ሰው ላይ ምርጫ መጫን። ስልኩን አንስቼ ነበር ከዚህ በፊት፣ ልክ መቅዳት ከመጀመሬ በፊት፣ አሁን ተኝታ ይሆናል ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።

ይሄው አሁንም እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ይላል። ያን ያህል አልመሸም አይደል፣ ሦስት ሰዓት ተኩል... እስቲ ቆይ፣ ይሄን ላጥፋው መጀመሪያ